ተከራይተው ስለሚማሩ ልጆቻችን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሁለቱ የጉራጌ ዞኖች

ለጉራጌ ዞን አስተዳደር፣ ወልቂጤ
ለምሥራቅ ጉራጌ ዞን አስተዳደር፣ ቡታጅራ
ለሁለቱ ዞኖች የትምህርት እንዲሁም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መምሪያዎች
ለወልቂጤና ለቡታጅራ ከተማ አስተዳደሮች

ግልባጭ፦ ለየጆካና ለጎርደና ሸንጎ አባቶች፤ በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች

ጉዳዩ፦ ለተማሪ ልጃገረዶች ማደሪያ፣ ውሃና የሕግ ጥበቃ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ቡታጅራ ተወልጄ ያደግሁ፣ ወልቂጤ የማስተምር፣ ሴቶች ልጆችን የማሳድግ እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ በመድረክ የምሰማውና በክፍል ውስጥ የማየው አልገናኝ ማለቱ ነው። ማርች 8 በመጣ ቁጥር ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ልጃገረዶችን ስለማብቃት የግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጣል። በማግሥቱ ክፍል ስገባ የኋላው ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣላት ልጅ አገኛለሁ። ያቺ ልጅ መማር እንደሚጠቅማት የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ያንን ባታውቅ ኖሮ ከእናቷ ጉያ ወጥታ፣ ጆንያዋን ተሸክማ እዚህ ድረስ አትመጣም ነበር። ያጣችው የምታጠናበት ሰዓትና በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ማደሪያ ነው።

ስለ የትኛዋ ልጅ እንደምናገር ታውቃላችሁ። በሰፈራችሁ፣ ምናልባትም በግቢያችሁ አለች። ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከጉመር፣ ከእኖርና እነር፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ከመስቃን፣ ከማረቆና ከሶዶ ገጠር ቀበሌዎች መጥታ ለመማር ቤት የተከራየችው ናት። 8ኛ ክፍልን ካለፈች በኋላ በአቅራቢያዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥታ፣ ወይም 11ኛና 12ኛ ክፍልን ለመቀጠል ስትል ከተማ ገብታለች። ሦስት አራት ሆነው አንድ የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። ብዙ ጊዜ ክፍሏ ከባለቤቱ ቤት ጀርባ የተቀጠለች ናት። መብራቱ የባለቤቱ ነው፣ ሲፈልግ ያጠፋዋል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፣ ከማያውቋቸው ተከራዮች ጋር ይጋሩታል፤ ሲመሽ ሁለት ሁለት ሆነው ካልሆነ አይወጡም። በሩ በሽቦ ወይም በምስማር ይያዛል።

ስንቃቸው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ነው፤ ከቤት የተረፈ እንደሆነ ቆሎና ትንሽ አይብ ይታከልበታል። እሑድ ማታ ይዘውት ይመጣሉ። ሐሙስ ላይ ያልቃል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚያልፉት እንድትጠይቋቸው እለምናችኋለሁ። አንዳንዶቹ ለአከራይዋ ልብስ ያጥባሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። አንዳንዶቹ ከትምህርት በኋላ ጀበና ቡና ዘንድ ተቀጥረው እስከ ምሽት ይቆማሉ፤ እዚያ የሚገጥማቸውን እኔ ብዘረዝረው ለእነሱ አይበጅም። ኪራይ የሚጨመረው ደግሞ ፈተና ሲቃረብ ነው፤ ለቅቀው የማይሄዱበት ጊዜ መሆኑ ስለሚታወቅ።

ወንዶች ተማሪዎችም ተከራይተው እንደሚማሩ፣ እነሱም እንደሚራቡ አውቃለሁ። ነገር ግን ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ተመለሽ የምትባለው ሴቷ ናት፤ ምክንያቱንም እናውቀዋለን። በአገራችን እንሰትን ወንድ ይተክላል፣ ሴት ትፍቃለች። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ቡላውን መለየቱ፣ ቆጮውን ጉድጓድ አስገብቶ ማብላላቱ የእናትና የሴት ልጆቿ ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ አይተካበትም። ስለዚህ ልጇን ወደ ከተማ የላከች እናት ሥራውን ብቻዋን ለመሸከም ፈቅዳ ነው የላከቻት። ከእኛ የትምህርት በጀት በፊት የእሷ ድካም ተከፍሏል። ይህን ያህል የከፈለች እናት ልጇን ካደረችበት ክፍል ተደፍራ፣ ወይም ከ10ኛ ክፍል አቋርጣ ስትመለስ ብትቀበላት ለታናሿ ምን ብላ ትወስን?

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። የወልቂጤን የውሃ ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የከተማችን ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ውሃ አጣን ለማለት ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውን ይፋ አድርጓል። ያንን ቀን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ሰው ለጀሪካን ውሃ ሕይወቱን የሰጠባት ከተማ ውስጥ ውሃውን በየዕለቱ የሚቀዳው ማን እንደሆነ እንዲታይልኝ ነው። ጀሪካን የሚያሰልፉት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ቦቴ መጣ ሲባል የቤት ሥራ ይቀራል። ቧንቧው ሌሊት ይለቀቃል ከተባለ ሌሊት የምትነሣው እሷ ናት። ወንድሟ ያንኑ ሰዓት ወይ ይተኛል ወይ ያጠናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ሁለቱም እኩል ይቀርቡና ውጤታቸው ሲለያይ ሴቶች አይጎብዙም እንላለን።

ፈተናው ራሱ ለማንም የሚራራ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ከግማሽ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ጥቂቱ ብቻ በሚያልፍበት ፈተና፣ በቀን ሁለት ሰዓት የውሃ ወረፋ ላይ ለምታባክን ልጅ የምንተወው ዕድል ምን ያህል ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስብሰባ የማይነሣውን ልጨምር። ውሃ በሌለው ትምህርት ቤት የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ቤቷ ትቀራለች። ሞዴስ የሚገዛላት አጥታ ብቻ አይደለም፤ ቢኖራትም የምትቀይርበት በር ያለው ሽንት ቤት፣ እጇን የምትታጠብበት ውሃ የለም። በወር የሦስት አራት ቀን ትምህርት ያመለጣት ልጅ የሒሳብ ምዕራፍ ቢጠፋባት ምን ይገርማል? በስም መጥሪያዬ ላይ ቀሪ ብዬ ስጽፍባት ምክንያቷን እያወቅሁ ነው።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ማደሪያ ሲነሣ የሚሰጠው መልስ «በጀት የለም» የሚል ነው። ችግሩ እውነት እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን በገዛ ዞናችን፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ትልቅ ነገር አለ። የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮች የመቆያ ቤት አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለወሊድ የሚያሰጋት፣ ቤቷም የራቀ እናት ምጥ ሳይይዛት ቀደም ብላ ትመጣለች፣ ስንቋን ይዛ ሆስፒታሉ ግቢ ባሉት ቤቶች ትቆያለች፣ ሰዓቷ ሲደርስ ሐኪሙ አጠገቧ ነው። ከ1987 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) የነበረው መረጃ ተጠንቶ ታትሟል። በእነዚያ 22 ዓመታት እዚያ ከወለዱት 24,148 እናቶች 6,805ቱ በመቆያው ያለፉ ነበሩ። በመቆያው ካለፉት ከ100,000 የሞቱት 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ግን 1,333 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ችግር ከገጠማቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ልዩነቱን ሁሉ ቤቱ አመጣው አልልም። ይሁንና ሐኪሞቹ ለዓመታት የያዙት፣ ሌሎችም የተማሩበት ሥራ ነው።

አጣጥ ያረጋገጠልን ነገር ይህ ነው፦ ርቀት ሰው በሚጎዳበት ቦታ፣ መሠረታዊ የሆነ ቤት በተገቢው ቦታ መሥራት ብዙ ያድናል። ሆቴል አልጠየቅንም። እናቶቹ ስንቃቸውን ይዘው እንደመጡ ሁሉ ልጆቻችንም ቆጯቸውን ይዘው ይመጣሉ። የምንጠይቀው ከትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ወይም ከአጥሩ ጎን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ የሚቆለፍ በር፣ የውሃ ታንከር፣ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት የማይጠፋ መብራት፣ አንዲት ሴት ተቆጣጣሪና አንድ ጥበቃ ነው። በወልቂጤ አንድ፣ በቡታጅራ አንድ ይጀመር። ለመጀመሪያው ዓመት ወላጅ ለኪራይ ይከፍል የነበረውን ግማሽ ቢያዋጣ እንኳ የሚደሰት እንጂ የሚያማርር አይገኝም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው የአባቶቻችን ልምድ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካን የመሳሰሉ ሰዎች ከፊት ሆነው፣ ከመርካቶ ነጋዴ ጀምሮ እስከ ሊስትሮው እያዋጣ አገራችን መንገድና ትምህርት ቤት እንድታገኝ አድርገዋል። ያ ትውልድ መንግሥትን አልጠበቀም፤ መንግሥትንም ሥራውን አላስተወውም፣ አብሮ ሠራ። የዛሬው ተወላጅ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ በየቤቱ ክትፎ ሲቀርብ፣ በየአደባባዩ ለልማት ቃል ሲገባ እናያለን። በዚያው ሰሞን ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ ቦታና ዲዛይን አዘጋጅታችሁ ብትጠብቁት፣ ቃሉ ወደ ግድግዳ የሚለወጥበት መንገድ ይኖራል። ይህን ለማድረግ መሬትና ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በእናንተ እጅ ናቸው። ለተወላጆችም ይህን እላለሁ፦ ዕቁብ የምትጥሉበት ሥርዓት በመላው አገሪቱ የተመሰገነ ነው። ከእያንዳንዱ ዕቁብ አንድ ዕጣ በዓመት ለአንድ ማደሪያ ክፍል ይውጣ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለመጻፍ የከበደኝ ነው። ተከራይታ የምትማር ልጅ ስትደፈር፣ ነገሩ ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ በሽማግሌ ፊት የሚያልቅበት አጋጣሚ አለ። የልጅቷ አባት ከገጠር ይጠራል፣ ወንዱም ዘመዶቹን ይዞ ይቀርባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ወይም «ያግባት» ይባላል። ልጅቷ አትጠየቅም። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅን የደፈረ ከ5 እስከ 20 ዓመት እንደሚታሰር ይደነግጋል፤ ማግባት ከቅጣት አያድንም። ሽማግሌዎቹ ሰላም ለማውረድ ብለው ነው የሚያደርጉት፤ ክብራቸውን አልቀንስም። ነገር ግን ሰላሙ የወረደው በወንዶቹ መካከል ነው፤ ልጅቷ ከደፈራት ሰው ጋር አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ትቀራለች።

የየጆካና የጎርደና አባቶች ሆይ፣ ይህን የምጠይቀው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ልጅ ውርድወት በዚያው በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ፣ ሴት ባሏን ፈትታ ሌላ እንዳታገባ አንቂት በሚባለው ልማድ መታሰሯን ተቃውማለች። ታሪኳ በጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ድርሰት በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ሲቀርብ ያጨበጨብነው እኛው ነን። ውርድወትን በመድረክ አክብረን፣ የ16 ዓመት ልጅን በሽማግሌ ፊት ዝም ማሰኘት አይገጥምም። ቅጫው፣ ማለትም ባህላዊ ሕጉ፣ የእናንተ ነው፣ ልታሻሽሉትም ሥልጣን አላችሁ። ልጅ የተደፈረችበትን ጉዳይ በሸንጎ አንሰማም፣ ቤተሰቡም ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ የከለከለ ይቀጣል ብላችሁ ብትወስኑ ከአሥር መድረክ ይበልጣል።

ችግሩ የጥቂት ቤት አለመሆኑን የሚያስረዳ ጥናት ደጃችን ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ ኢትዮጵያን የወከለው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። 3,016 ሴቶች ተጠይቀዋል። ትዳር ወይም የትዳር ጓደኛ ከነበራቸው ከመቶው 71 ያህሉ በሕይወታቸው ከባላቸው ወይም ከጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥናቱ ዓመታት ቆይቷል፣ ቁጥሩም ዛሬ ሊለወጥ ይችላል፤ ግን ያንን ቃላቸውን የሰጡት እናቶች የዛሬዎቹ ተማሪዎች እናቶችና አያቶች ናቸው። ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የላኩት ከዚያ ሕይወት እንዲያመልጡላቸው ነበር።

የመጨረሻው ጉዳይ የመታወቂያ ነው። ፈተና ያላለፈች ወይም ከ9ኛ ያቋረጠች ልጅ ቤቷ ስትመለስ ደላላ ቀድሞ ይጠብቃታል። ወደ ዓረብ አገር ልውሰድሽ ይላታል። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ መሄድ ስለማትችል መታወቂያ ላይ ዕድሜዋ ይጨመራል። ይህ የሚሆነው በቀበሌ ማኅተም ነው፤ ወላጅ ፈርሞ፣ ምስክር ቆሞ፣ የልደት ማስረጃ ሳይጠየቅ። በዕድሜዋ ላይ የተጨመሩት ሦስት ዓመታት ቤት ሠራተኛ ሆና በማታውቀው ቋንቋ የምትታዘዝባቸው ዓመታት ናቸው። መታወቂያ የሚሰጠው ሠራተኛ የልደት ምዝገባን ወይም የትምህርት ቤት ሰነድን ካላየ እንዳይፈርም ይታዘዝ፤ ዕድሜ የቀየረ ሠራተኛ በስሙ ይጠየቅ። ትምህርት ቤቶችም ያቋረጡ ሴት ተማሪዎችን ስም በየወሩ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መምሪያ ቢያደርሱ፣ ደላላ ከመድረሱ በፊት የሚጠይቃት ሰው ታገኛለች።

እንግዲህ የምለምነውን በግልጽ ላስቀምጥ። ዞኖቹና ሁለቱ ከተማ አስተዳደሮች ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ቦታ ከመስቀል በፊት ይወስኑ፤ ካርታውንም ለተወላጆች ያሳዩ። ማደሪያው እስኪሠራ ድረስ ለተማሪ የሚያከራዩ ቤቶች በቀበሌ ይመዝገቡ፤ በር፣ ቁልፍና ሽንት ቤት ያላሟላ ለሴት ተማሪ አያከራይ፤ ኪራይም በትምህርት ዓመቱ መካከል አይጨመር። ቦቴ ውሃ ሲያከፋፍል ትምህርት ቤቶች ከሰፈር ቀድመው ተራ ያግኙ፤ በየትምህርት ቤቱም ቢያንስ አንድ ውሃና የሚቆለፍ በር ያለው፣ ለልጃገረዶች ብቻ የተለየ ክፍል ይኑር። ለማርች 8 የሚወጣው የመድረክና የቲሸርት ወጪ ለአንድ ዓመት ወደዚህ ሥራ ይዙር፤ ስንት እንደሆነም ይነገረን። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የተማሪ መደፈር አቤቱታ ከመጣላቸው «ታርቀዋል» ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ እንዳይኖር ያድርጉ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ትእዛዝ ብቻ ናቸው። ለእነዚያ የሚቀጥለውን የበጀት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከኔ በኩል የምሰጠው አለ። በትምህርት ቤታችን ያሉ መምህራት ተከራይተው የሚማሩ ሴት ተማሪዎችን ስም፣ ወረዳና የሚኖሩበትን ሁኔታ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ለመዝገብ በሚመች መንገድ አዘጋጅተን ልናስረክባችሁ ዝግጁ ነን። የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራትም እንደሚያግዙ አልጠራጠርም። የጎደለው የሚቀበለን ጠረጴዛና ቀጠሮ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ ቢቻል የትምህርት ምዝገባው ሳያበቃ በወልቂጤና በቡታጅራ ወላጆችን ሰብስባችሁ የትኛውን ልመና እንደተቀበላችሁ፣ የትኛውን እንዳልተቀበላችሁና ምክንያቱን እንድትነግሩን በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከገጠር የመጡት እናቶችም ይጠሩ፤ ለመጓጓዣቸው የሚያስፈልገውን እኛ መምህራቱ እንሸፍናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንዲት መምህርትና እናት፣ ወልቂጤ